እንግድነትም ሙያ ነው

እንግድነት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ቢሆን ኖሮ እኔ እስካሁን በሙሉ ጡረታ በተሸኘሁ ነበር። ያልገባሁበት ቤት፣ ያልተቀመጥሁበት መደብ የለም። በእኛ አገር ሥራው ደግሞ ቀላል ነው። እንግዳ ይገባል፤ ሲነሡለት «ኧረ በእግዜር!» ይላል፤ ከዚያ የተነሡለት ቦታ ላይ ይቀመጣል። ምግብ ሲቀርብ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ይለመናል። «በሞቴ» ሲባል ይቀምሳል፤ «አፈር ስሆን» ሲባል ይጎርሳል፤ ሌማቱ ባዶውን ሲቀር «እጅ ይባረክ» ብሎ ይነሣል። ሽንኩርት ሲከትፍ ያመሸው፣ ቤት ሲጠርግ ያረፈደው፣ ከጎረቤት ወንበር የተዋሰው ባለቤቱ ነው። እንግዳው ይዞት የመጣው ሆዱንና ምርቃቱን ነው።

ይህን ሙያዬን ተማምኜ ነው እንግዲህ በኅዳር መግቢያ ኪዮቶ የደረስሁት። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ያገሬ ልጅ «ጋሼ፣ እሑድ ሻይ ተጠርተናል» አለኝ።

«ሻይማ ምን ገዶኝ!» አልሁት።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ልምምድ አለው።»

«ለሚያፈላው?»

«ለሚጠጣው።»

ልጁ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ከአንዲት የሻይ መምህርት ዘንድ እየሄደ ይማራል። ከጀመረ ሰንብቷል፤ እስካሁን ጠንቅቆ ያወቀው ግን ማፍላቱን ሳይሆን መጠጣቱን ነው። ትምህርቱን ባጭሩ አቀበለኝ። ጽዋውን እንዳይጭሩ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃሉ። ደጃፍ ላይ ንጹሕ ነጭ ካልሲ ይቀየራል። ታታሚ የሚሉት ወፍራም የሣር ምንጣፍ ጠርዙ አይረገጥም። ከዚያ አንድ ትንሽ ከረጢት ሰጠኝ። ውስጡ የታጠፈ ነጭ ወረቀት፣ ጣፋጭ መቁረጫ የምትሆን ስንጥርና ማራገቢያ አለ። ወረቀቱ የጣፋጩ ሳህን ነው። ማራገቢያው ግን ላብ ቢያጠምቅህም አይዘረጋም። ሰላምታ ስትሰጥ እንደታጠፈ ከጉልበትህ ፊት ይጋደማል፤ ከዚህ ወዲህ እኔ፣ ከዚያ ወዲያ እርስዎ ማለት ነው።

«እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም» ሲባል ሙዝና ብርቱካን ይመስለኝ ነበር። የሥራ መሣሪያ ይዞ የሚሄድ እንግዳ ስሆን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ያህል፣ ሻይ ራሱ ለጃፓን እንግዳ ነበር። ኤይሳይ የተባለ መነኩሴ በ1191 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ከቻይና ሲመለስ የሻይ ዘር ይዞ መጣ ይባላል፤ በ1211 ደግሞ ሻይ ለጤና ምን ያህል እንደሚበጅ የሚያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። መነኮሳት እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ሲጠጡት የኖረው መጠጥ ቀስ በቀስ ወደ ጦር አበጋዞችና ወደ ባለጠጋ ነጋዴዎች ቤት ዘለቀ። ዛሬ የምናየውን መልክ ያስያዘው በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሴን ኖ ሪክዩ ነው። ሳካይ በምትባል የወደብ ከተማ ከነጋዴ ቤት ተወልዶ መጀመሪያ የኦዳ ኖቡናጋ፣ በኋላም የቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የሻይ መምህር ሆነ። ሁለቱም አገሩን በሰይፍ አንድ ለማድረግ የተነሡ ገዢዎች ናቸው።

ሂዴዮሺ ሻይ ሲወድ እንደ ሀብታም ነው የወደደው። ግድግዳው በወርቅ የተለበጠ፣ ተፈታትቶ የሚጓጓዝ የሻይ ክፍል አሠርቶ በ1586 ቤተ መንግሥት ድረስ አስወስዶ ለንጉሠ ነገሥቱ ሻይ አቅርቦበታል። ሪክዩ በዚያው ዘመን የጭቃ ግድግዳ ያላት፣ ሁለት ታታሚ ብቻ የምታነጥፍ ጎጆ ሠራ፤ ያማዛኪ ላይ ዛሬም ቆማ አለች። ወርቁና ጭቃው በአንድ ጌታና በአንድ መምህር መካከል እንዴት ተስማምተው እንደኖሩ መገመት ነው፤ እንደማይዘልቁ ግን ያስታውቃል።

ስለ እንግድነት ከተነሣ ደግሞ የሂዴዮሺን ያህል አስደንጋጭ የሻይ ጥሪ የለም። በ1587 ኪዮቶ ኪታኖ በሚባለው ቅጥር ታላቅ የሻይ ድግስ አወጀ። ጌታም ሎሌም፣ ነጋዴም ገበሬም ሳይል ሻይ የሚወድ ሁሉ ውሃ ማፍያውንና ጽዋውን ይዞ ይምጣ፤ ሻይ የሌለው የተቆላ እህል ዱቄት ይዞ ይምጣ ተባለ። በሶ ማለት ነው። እዚህ ድረስ ደግነት ነው። ቀጥሎ ግን ሳይመጣ የቀረ ሰው ከእንግዲህ ሻይ እንዳያፈላ፣ በሶም ቢሆን እንዳይበጠብጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። «በሞቴ» በሰይፍ ሲባል እንዲህ ነው። ለ10 ቀን የታሰበው ድግስ በአንድ ቀን ተበተነ። ሰዉ በሶውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ።

ወደ እኛው ጥሪ ልመለስ። የመምህርቷ ቤት ከኋላው ትንሽ አጸድ፣ ከአጸዱ ማዶ የሻይ ጎጆ አለው። እንግዶቹ መጀመሪያ በተጠባባቂ ክፍል ተሰበሰብን። ኪሞኖ የለበሱ ሁለት አሮጊቶች፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ፣ ልጁና እኔ። ይህ የሻይ ሙያ ለዘመናት የወንዶች ነበር። በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ዘመን ወደ ሴቶች ትምህርት ቤት ገብቶ የጨዋ ልጅ ማሳደጊያ ሆነ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ተማሪዎች ሴቶች ናቸው። ጡረተኛው ሰውዬም ከአሮጊቶቹ ፊት የረገበ አቋም ነበራቸው።

እዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው ትርኢት ተጀመረ። አንደኛዋ አሮጊት ወደ ሰውዬው እጅ ነሥተው «እርስዎ ይቅደሙ» አሉ። ሰውዬው ወደ ሁለተኛዋ እጅ ነሥተው «ኧረ እርስዎ» አሉ። ሁለተኛዋ ወደ አንደኛዋ። መዞሩ አልቆም አለ። ያገሬ ሠርግ ትዝ ብሎኝ ሆዴ ሞቀ፤ ትሕትና የትም አገር አንድ ነው ብዬ ልፈላሰፍ ስል ልጁ በጆሮዬ «ጋሼ፣ ትሕትና እንዳይመስልዎ፤ ፈርተው ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋናው ቦታ የሚቀመጠው የመጀመሪያ እንግዳ የሁሉም አፍ ነው። ባለቤቷን በእንግዶች ስም የሚያመሰግነው፣ የተሰቀለውን ጽሑፍ ምንነት የሚጠይቀው፣ የአበባውን፣ የጽዋውን፣ የማንኪያውን ነገር እያነሣ የሚያናግራት እሱ ነው። ጥያቄው ደግሞ ቦታና ጊዜ አለው። ገና እጇ ሲሠራ ብትጠይቃት ታሰናክላታለህ፤ አልፎ ብትጠይቃት ዕቃው ተነሥቷል። ባላዋቂነት የተጠየቀ ጥያቄም አዋቂነቷን ያዋርዳል። እንግዲህ ያ ወንበር የክብር ወንበር ሳይሆን የፈተና ወንበር ነው። በትልልቅ የሻይ ስብሰባዎች የመጀመሪያ እንግዳ የሚሆን ጠፍቶ ሰዓቱ እስኪገፋ ድረስ ሰዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

«የመጨረሻው ቦታስ ይሻል ይሆን?» አልሁት።

«እሱም ሥራ ነው። በሩን የሚዘጋው፣ ዕቃ የሚመልሰው እሱ ነው።»

ከሥራ የሚያመልጡት መካከል የተቀመጡት ብቻ መሆናቸው ስለገባኝ ሳልለመን ወደ መካከል ገባሁ። በመጨረሻ ጡረተኛው ተሸንፈው የፊቱን ቦታ ያዙ፤ ልጁ የኋላውን።

ወደ ጎጆዋ የሚወስደው መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተራመዱ የሚሄዱበት ነው። አንድ ቦታ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ከአንደኛው መግቢያ ላይ በጥቁር ገመድ የታሰረች የቡጢ ያህል ድንጋይ ተቀምጣለች። በዚህ አይታለፍም ማለት ነው። በቃ። «ማለፍ ክልክል ነው» የለ፣ «በሕግ ያስቀጣል» የለ። ድንጋይዋን ለመዝለል ሕፃን እንኳ አይቸገርም፤ ማንም ግን አይዘልላትም። ቀጥሎ የውሃ ገንዳ አለ፤ ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተተከለ ስለሆነ ባለሥልጣንም ቢሆን ቁጢጥ ሳይል እጁንና አፉን አይታጠብም።

ከዚያ በሩ። በር ካሉት ነው እንጂ እኔ መስኮት ነበር ያልሁት። ቁመቱ 66 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 63 ገደማ ነው። በዱሮ ጊዜ ሳሙራይ ሰይፉን ውጭ ካለው መደርደሪያ አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ይገባ ነበር። እኔ ሰይፍ የለኝም፤ የነበረኝ ቦርጭ ነው፤ እሱን ደግሞ ውጭ የሚያስቀምጡበት መደርደሪያ አልተዘጋጀም። የሆነ ሆኖ ገባሁ። ልጁ ከኋላ ገብቶ በሩን ቀጭ አድርጎ ዘጋው። ይቺም ቀጭታ ሥራ ነች፤ መምህርቷ ከጓዳ ሆና እንግዶቹ ተጠቃለው መግባታቸውን የምታውቀው በእሷ ነው።

በኅዳር ወር የሻይ ሰዎች ክረምት ከበጋ ይለያሉ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ውሃው የሚፈላው ከምንጣፉ በላይ በሚቀመጥ ምድጃ ነው። ኅዳር ሲገባ ወለሉ ተከፍቶ፣ ከውስጥ በተቆፈረው ምድጃ ከሰል ይያያዛል፤ እሳቱ ወደ እንግዳው ይቀርባል። በጸደይ ተለቅሞ በማሰሮ ታሽጎ የከረመው ሻይም የሚከፈተው ያኔ ነው። ለእነሱ አዲስ ዓመት ነው። ሻዩ ማቻ ይባላል። ተክሉ ሊለቀም 20 ቀን ያህል ሲቀረው ጥላ ይጋረድለታል፤ ቅጠሉ ፀሐይ ሲነፈግ ምሬቱ ይቀንሳል፣ አረንጓዴነቱ ይጠልቃል። ከደረቀ በኋላ በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል፤ አንድ ወፍጮ በሰዓት የሚያወጣው 40 ግራም ያህል ነው። ፈጭቶ የሚያድር ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል።

መምህርቷ ገብታ እጅ ነሣች፤ ሁላችንም ነሣን። ተንበርክከን ነው የተቀመጥነው፤ ተረከዝ ላይ ተረጋግቶ፣ ጀርባን አቅንቶ። መጀመሪያ ጣፋጭ ዞረ፤ ከባቄላ ሊጥ የተሠራ፣ የበልግ ቅጠል የሚመስል። ጣፋጩ ከሻዩ በፊት ተበልቶ ያልቃል፤ አጅበው አይጠጡትም። ከዚያ ዕቃ መወልወል ጀመረች። ከመታጠቂያዋ ያወጣችውን የሐር ጨርቅ እያጠፈች ንጹሑን ማንኪያ ጠረገች፤ ንጹሑን ዕቃ ጠረገች፤ ንጹሑን ጽዋ በፍል ውሃ አለቀለቀች። እንግዳ ፊት መወልወሏ ለእናንተ ብዬ ነው ማለቷ ነው። ሁለት ግራም የምታህል ዱቄት ጽዋው ውስጥ አድርጋ፣ በቀርከሃ ጭልፋ ፍል ውሃ ጨምራ፣ ከአንድ ቁራጭ ቀርከሃ ወደ መቶ ገደማ ቀጫጭን ጥርስ ተሰንጥቆ በተሠራ መምቻ መታችው። አረፋው ቀና አለ። ከሪክዩ ዘሮች የወረዱት ቤቶች ሦስት ናቸው። የኡራሴንኬ ተማሪ አረፋውን ያበዛል፤ የኦሞቴሴንኬው ያሳንሳል። በዚህ አረፋ የሚኮራረፍ ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

እስከዚህ ድረስ ማንም አልተነፈሰም። ቃል የሌለበት ግብዣ ለእኔ ሕመም ነው። ታዲያ በዚህ ክፍል ምን ይወራል? ምን እንደማይወራ የሻይ ሰዎች ከጥንት ወስነዋል። የሪክዩ ደቀ መዝሙር ያማኖኡኤ ሶጂ በጻፈው መዝገብ ላይ የሚከለከለው ተዘርዝሯል፤ የራስ ሃይማኖት፣ የጎረቤት ሀብት፣ የአማችና የአማት ነገር፣ የአገር ጦርነት፣ የሰው ደግነትና ክፋት። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ቡና ላይ የተባለውን ሁሉ በልቤ አስታወስሁ። እነዚህ አምስቱ ከተነሡ አቦልን ለማጀብ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ቶናማ አይፈላም፤ በረካ ከናካቴው ይቀራል።

የሚያስቀው፣ የሚያሳዝነውም፣ ይህን ዝርዝር የጻፈው ሰው ራሱ ነው። ሶጂ ለሂዴዮሺ አንደበቱን አላለዝብም ብሎ በ1590 ተገደለ፤ አስቀድሞ ጆሮና አፍንጫው ተቆረጠ ይላል ታሪኩ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብሎ ለዓለም የመከረ አፍ የራሱን ባለቤት ማዳን አልቻለም። በዓመቱ በ1591 ሪክዩ ሆዱን ቀድዶ እንዲሞት በዚያው በሂዴዮሺ ታዘዘ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከሚነሡት አንዱ በዳይቶኩጂ ገዳም በር ላይ የራሱ የእንጨት ሐውልት መቆሙ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፍ ገዢ ከሻይ መምህሩ እግር በታች አለፈ ማለት ነዋ። ደቀ መዝሙሩ ፉሩታ ኦሪቤም በ1615 በተመሳሳይ ትእዛዝ ሞተ። «ይህች ሻይ የሕይወት አንድ ጊዜ ናት፤ አትደገምም» የሚለውን ሐሳብ አስፋፍቶ የጻፈው ኢኢ ናኦሱኬ የአገሩ ታላቅ ሹም ነበር፤ በ1860 በቤተ መንግሥቱ በር ተገደለ። እንዲህ ያለ የሞት ጥላ ባለበት ሙያ በሩ መዳኺያ፣ ሰይፉም የውጭ መሆኑ አሁን ገባኝ።

ተራዬ ደረሰ። ከጎኔ ወዳለው ሰው ዞሬ «ልቅደምዎ» አልሁ፤ ወደ መምህርቷ እጅ ነሣሁ፤ ጽዋውን በግራ መዳፌ አስቀምጬ በቀኜ ወደ ቀኝ ሁለት ጊዜ አዞርሁት። ባለቤቷ የጽዋውን ፊት ወደ አንተ አድርጋ ታቀርባለች፤ አንተ ደግሞ በፊቱ መጠጣት ድፍረት ነው ብለህ ታዞራለህ። በመጨረሻዋ ጉንጭ ላይ ሻዩን በድምፅ ትስባለህ። እናቴ ብትሰማ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር፤ እዚያ ግን ጨረስሁ፣ ጣፈጠኝ ማለት ነው። ሻዩ እንዴት ነው ለሚለኝ፤ የጎመን ዘመድ ነው፣ ግን የተማረ። ምሬቱ ቀድሞ ይመጣና ጣፋጩ የተወው ቦታ ላይ ይቀመጣል።

ጠጥተህ ሥራህ አላለቀም። የነካኸውን ከንፈር በጣትህ ጠርገህ፣ ጽዋውን መልሰህ አዙረህ፣ ከምንጣፉ ላይ አስቀምጠህ ታየዋለህ። ክርንህን ጉልበትህ ላይ አስደግፈህ ዝቅ አድርገህ ነው የምታነሣው፤ ቢያመልጥህም ከቅርብ እንዲወድቅ። ወፍራሙ ሻይ በሚቀርብበት ትልቁ ግብዣ ደግሞ አንዱ ጽዋ ለሁሉ ይዞራል፤ ፊተኛው እንግዳ ለኋለኛው በልኩ ማስተረፍ አለበት። ስስታም ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው።

አሁን ጡረተኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የጽዋውን ሠሪ ጠየቁ። መምህርቷ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ፊቷ ያልተፈታው ሴት፣ ፈገግ አለች። እዚያው ኪዮቶ የሚኖር የሸክላ ሠሪ ስም ጠራች፤ አባቱንም ጠራች፤ ጭቃው ከየት እንደመጣ ተናገረች። ማንኪያውን ማን ቀረጸው? አንድ የገዳም አለቃ። ስም አለው? አለው፤ «የመጀመሪያው ውርጭ»። አሮጊቶቹ «አዬ!» አሉ፤ የዚያን ቀን ጠዋት በእርግጥ ውርጭ ነበር። ያች ማንኪያ ከሣጥን ውስጥ የወጣችው በዘፈቀደ አይደለም። መምህርቷ ለዚህች አንዲት ጥያቄ ስትዘጋጅ ሰንብታለች፤ ሳትጠየቅ ግን አትናገርም። ዕቃዋን እያነሣች «ይቺን አይታችኋታል?» ማለት አይፈቀድላትም። እንግዳው ካልጠየቀ ያ ሁሉ ልፋት እንደተዳፈነ ይቀራል።

የእንግዳ ሙያ ምን እንደሆነ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ምርቃት ለሁሉም ይበቃል፤ ጥያቄ ግን ማየት ይፈልጋል። ሪክዩ የሻይ ምሥጢሩን ሲጠየቅ መለሰ የሚባለው ምክርም ከዚህ አይርቅም፤ ሻዩን እንዲጥም አድርግ፣ ከሰሉን ውሃ እንዲያፈላ አድርገህ ደርድር፣ አበባውን በሜዳ እንደበቀለ አስቀምጥ፣ በበጋ አቀዝቅዝ በክረምት አሙቅ፣ ከሰዓቱ ቅደም፣ ባይዘንብም ለዝናብ ተዘጋጅ፣ አብረውህ ለተጠሩት አስብላቸው። ጠያቂው «ይኼንንማ ሁሉም ያውቃል» ቢለው፣ «ከቻልህበት እኔ ተማሪህ ልሁን» አለው ይባላል።

ሠሪውን በስም የመጥራት ልማዳቸው ሥር አለው። ሪክዩ ጽዋውን ቾጂሮ ለሚባል ሸክላ ሠሪ ያሠራ ነበር። ቾጂሮ መሽከርከሪያ ሳይጠቀም በእጁ እየጠፈጠፈ፣ ጥቁርና ቀይ ጽዋ ሠራ። ቤቱ ራኩ ይባላል፤ ዛሬ 16ኛው ባለተራ በዚያው ከተማ ጭቃ ያቦካል። የሁሉም ስም በተርታ ይታወቃል። ሪክዩ ሊሞት ሲል በእጁ የቀረጻትን የመጨረሻ የቀርከሃ ማንኪያ ለኦሪቤ ሰጠው። «እንባ» ትባላለች። ኦሪቤ መስኮት ያለው ማኅደር አበጅቶላት እንደ ሙት መታሰቢያ ይሰግድላት ነበር ይባላል፤ አሁን ናጎያ ሙዚየም ውስጥ አለች። የቀርከሃ ስንጥር ናት እኮ!

ግብዣው አለቀ፤ ተነሡ ተባለ። ችግሩ እግሮቼ ከእኔ ጋር አልነበሩም። ከወገቤ በታች የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። አሮጊቶቹ፣ ሁለቱም ታላላቆቼ፣ እንደ ላባ ብድግ ብለው ሄዱ። እኔ በዚያች በር የወጣሁት ስገባ ከዳኸሁት አብልጬ ድኼ ስለሆነ ትሕትናዬ ሳይመሰገን አልቀረም። ከአጥሩ ውጪ መንገድ ዳር፣ ሳንቲም ሲጎርስ መጠጥ የሚተፋ ማሽን ቆሟል። ዛሬ ብዙ ጃፓናዊ አረንጓዴ ሻይ ከእንዲህ ያለው ማሽንም፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይጠጣል። ጡረተኛው ግራ ቀኝ አይተው አንድ ቆርቆሮ ቡና ገዙና በቁማቸው ጨለጡት። ፈተና ላይ የዋለ ሰው ነው፤ አልፈረድሁም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ያገራችን ልጆች ቡና አፈሉ። ቤቱ ከጎጆዋ ብዙም አይሰፋም፤ እጣኑ የጢስ ማስጠንቀቂያውን እንዳያስጮኸው መስኮቱ ተከፍቶ በብርድ ተንቀጥቅጠን ተኮለኮልን። ከዚያ ያ ሁሉ የተከለከለ ወሬ በአናት በአናቱ መጣ። የጎረቤት ሀብት አቦሉ ሳይቀዳ ተነሣ። የአማት ነገር ከፈንዲሻው ጋር ዞረ። ጦርነቱ በቶና፣ የሰው ክፋት በበረካ። ሶጂ ቢኖር በዚያ ሌሊት ሁለተኛ ይሞት ነበር። እግሬን ዘርግቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ነፍሴ መለስ አለች። ደስታው የእውነት ደስታ ነው፤ በሻይ ሥርዓት የምለውጠው አይደለም።

ግን ሙያ የተማረ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ሲኒዬን አስቀምጬ «ይህን ጀበና ማን ሠራው?» አልሁ።

ወሬው ቆመ። የምታፈላው ልጅ «እማዬ ናት የላከችልኝ» አለች።

«መላኳንስ ላከች፤ የሠራው ማነው?»

«ጋሼ ደግሞ! ከገበያ ነዋ!»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ጥያቄው አልወጣልኝም። ዕድሜ ልኬን ከጀበና ስጠጣ፣ ቡናው የሐረር ነው የይርጋጨፌ እያልሁ ስከራከር፣ አንድ ቀን ጀበናው የማን እጅ ነው ብዬ አላውቅም። ያገራችን ሸክላ ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ እሷም እንደ ቾጂሮ መሽከርከሪያ የላትም፤ በእጇ ጠፍጥፋ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ታወርዳለች። የቾጂሮን ስም ከነተተኪዎቹ 16 ትውልድ ቆጥረውታል። የእሷን ስም ግን እንኳን ልንቆጥር፣ ጀበናዋን ከቤታችን አስገብተን እሷን «ቡዳ» ብለን ከደጅ መለስናት። አጤ ምኒልክ ባለእጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር፤ አዋጁን ጆሮ ሰማው እንጂ አፍ አልሰማውም። ለቡናው ሦስት ዙር ሥርዓት ያወጣን ሰዎች ለእሷ አንዲት ጥያቄ አላስተረፍንም።

ይህን ሁሉ ስብከት ለልጆቹ አላወረድሁባቸውም፤ የሰው ደግነትና ክፋት አይነሣም ተብሎ የለ! ብቻ ልጅቷን «እስቲ ደውዪና ጠይቂልኝ» አልኋት። ኪዮቶ ሲመሽ አገር ቤት ገና ቀን ነው፤ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው። ሰላምታው ደርሶ፣ የብርዱ ነገር ተጠይቆ፣ የጎረቤት ልጅ ሠርግ ተነግሮ ሲያበቃ፣

«እማዬ፣ ያን የላክሽልኝን ጀበና የሠራችው ማን ናት?» አለች።

«ውይ ልጄን!» አሉ እናትየው፤ «ተሰበረብሽ እንዴ?»